የሥነ ፈለክን ታሪክ በኢንተርኔት ለማጥናት፦ ለየትኛው ጥያቄ የትኛው ምንጭ?

«ስለ ሥነ ፈለክ ታሪክ የት ላንብብ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ የሚፈልገው አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። አንዱ ጋሊሊዮ በጥር 1610 ያየውን ጋሊሊዮ ራሱ ባሳተመው ገጽ ላይ ማየት ይሻል። ሌላዋ መምህርት ናት፤ ለተማሪዎቿ የምታነበው ሁለት ገጽ የሚሆን፣ ስሕተት የሌለበት የሕይወት ታሪክ ይበቃታል። ሦስተኛው አያቱ መጥቅዕና አበቅቴ ሲያወጡ እያየ ያደገ ነው፤ ያ ስሌት ከየት እንደመጣ ማወቅ ይፈልጋል። ለሦስቱም አንድ ድረ ገጽ ብጠቁም ቢያንስ ሁለቱን አሳስታለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች ምንጮቹን የማወዳድረው «የትኛው ይበልጣል» ብዬ ሳይሆን «ለምን ጥያቄ ይሆናል» ብዬ ነው።

ስመዝናቸው ሦስት ነገር አያለሁ። አንደኛ፣ ከመነሻው ጽሑፍ ወይም ምልከታ ምን ያህል ይርቃል? ሁለተኛ፣ ያለ ክፍያ ይገኛል ወይ? የውጭ ምንዛሪ ካርድ ለሌለው አገር ቤት ላለ አንባቢ ይህ ትልቁ ጥያቄ ነው፤ ከባድ ፋይል የሚያወርድም ከሆነ የኢንተርኔት ጥቅሉን ይበላበታል። ሦስተኛ፣ የተባለውን ነገር ራሴ ማጣራት እችላለሁ ወይ? እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካላልኩ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በፍለጋው ቃል እንጀምር

በአማርኛ «ኮከብ» ብሎ የሚፈልግ ሰው በአብዛኛው የሚደርሰው ኮከብ ቆጠራ ላይ ነው፤ ዕጣ ፈንታና የትዳር ጥምረት ይወጣለታል። «ሥነ ፈለክ» ወይም «አስትሮኖሚ» ብላችሁ ጻፉ። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፤ ይሁን እንጂ ታሪኩን የሚያጠና ሰው ኮከብ ቆጠራን ጠርጎ መጣል አይችልም። ዮሐንስ ኬፕለር የፕላኔቶችን የእንቅስቃሴ ሕጎች ያገኘ ሰው ነው፤ ለነገሥታትና ለጦር አዛዦችም የልደት ኮከብ ይቆጥር ነበር። በእኛም አገር የቀደመው የሰማይ ዕውቀት ብዙ ጊዜ የተጠበቀው በኮከብ ቆጠራ መጻሕፍት ውስጥ ነው። የ12ቱን ከዋክብት ስም አስታውሱ፦ ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ ዐቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሑት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዐረብኛ ናቸው። ይህን ልብ ያለ አንባቢ ከሚያስፈልጉት ምንጮች አንዱ የእስላማዊው ዓለም የሥነ ፈለክ ብራናዎች ስብስብ መሆኑን ከወዲሁ ያውቃል። ወደዚያ እንመለሳለን።

ለመግቢያ፦ ዊኪፒዲያ ወይስ ማክቲዩተር?

የአማርኛው ዊኪፒዲያ ገና ትንሽ ነው፤ በሥነ ፈለክ ታሪክ ላይ የሚያገኙት አጭር ይሆናል። የእንግሊዝኛው ሰፊ ነው፤ ጥራቱ ግን ከገጽ ገጽ ይለያያል። እኔ የምጠቀምበት ለአንቀጾቹ ሳይሆን ለግርጌ ማስታወሻዎቹ ነው። አንድ ገጽ 40 ወይም 50 ማስታወሻ ካለውና ከእነዚያ ውስጥ የመጽሔት ጽሑፎች ካሉ፣ ገጹን ትቼ ወደ ጽሑፎቹ እሄዳለሁ። ማስታወሻው ሁሉ ወደ ዜና ገጽ ብቻ የሚመራ ከሆነም ትቼው አልፋለሁ።

ማክቲዩተር ሌላ ዓይነት ነው። በስኮትላንድ የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ሁለት የሒሳብ መምህራን፣ ጆን ኦኮነርና ኤድመንድ ሮበርትሰን፣ የጀመሩት የሒሳብ ታሪክ ድረ ገጽ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ የሕይወት ታሪኮች አሉት። ርእሱ ሒሳብ ቢሆንም ከጥንት እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የሰማይ ተመራማሪና የሒሳብ ሊቅ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ስለነበር በጥሊሞስም፣ አል ቢሩኒም፣ ኮፐርኒከስም፣ ኬፕለርም እዚያ ናቸው። ገጾቹ በጽሑፍ የተሞሉና ቀላል ናቸው፤ በደካማ ኔትወርክም በስልክ ይከፈታሉ። ለመምህርቷ የምመርጥላት ይህንን ነው። ጉድለቱ ታሪኩን ሁሉ በሰው በሰው መክፈሉ ነው። መነጽር የሞረዱ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲመለከቱ ያደሩ፣ ሰንጠረዥ ሲያሰሉ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰዎች ታሪክ እዚያ ሳስቶ ነው የሚገኘው።

ስለ መሣሪያዎች ከሆነ ጥያቄአችሁ ወደ ሙዚየሞች ሂዱ። በፍሎረንስ ያለው ሙዜዮ ጋሊሌዮ የጋሊሊዮን ራሱን ቴሌስኮፖች ይዟል፤ በድረ ገጹም አስትሮላብ (የከዋክብትን ከፍታ የሚለኩበት ጥንታዊ መሣሪያ) እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ቪዲዮዎች አሉ፤ ተመልከቷቸው፣ ግን በዓመተ ምሕረትና «የመጀመሪያው» በሚል ቃል ላይ አትመኗቸው።

ጽሑፉን ራሱን ለማንበብ፦ ኤ.ዲ.ኤስ.

አንድ ምንጭ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው። አስትሮፊዚክስ ዳታ ሲስተም፣ ባጭሩ ኤ.ዲ.ኤስ.፣ በናሳ ገንዘብ በስሚዝሶኒያን አስትሮፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ የሚተዳደር የሥነ ፈለክ ጽሑፎች መፈለጊያ ነው። የተሠራው ለዛሬ ተመራማሪዎች ነው፤ ለታሪክ ወዳዶች ግን ድንቅ ስጦታ ሆኗል። ምክንያቱም የቆዩ መጽሔቶችን ገጽ በገጽ ስካን አድርጎ በነጻ አስቀምጧል፦ በ1820ዎቹ በጀርመን የተጀመረውን አስትሮኖሚሸ ናኽሪኽተን፣ የለንደኑን የንጉሣዊ አስትሮኖሚ ማኅበር ወርኃዊ ማስታወሻ፣ በ1849 አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመውን አስትሮኖሚካል ጆርናል፣ ሌሎችንም። የኦብዘርቫቶሪዎች ሰርኩላሮችና ቡለቲኖች ሳይቀሩ አሉ።

ምን ያህል እንደሚለይ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ሄንሪታ ሌቪት በሃርቫርድ ኦብዘርቫቶሪ ትሠራ የነበረች ሴት ናት። ብርሃናቸው የሚጨምርና የሚቀንስ ሴፊድ የሚባሉ ከዋክብት ዑደታቸው በረዘመ ቁጥር እውነተኛ ድምቀታቸውም እንደሚጨምር ያገኘችው እሷ ናት፤ ኤድዊን ሀብል አንድሮሜዳ ከእኛ ጋላክሲ ውጭ መሆኗን ያሳየው በዚህ መንገድ ነው። የመግቢያ ገጾች «በ1912 አሳተመች» ይላሉ። ኤ.ዲ.ኤስ. ላይ ገብታችሁ የሃርቫርድ ሰርኩላር ቁጥር 173ን ክፈቱ። ጥቂት ገጽ ነው። ርእሱ በትንሹ የማጀላን ደመና (የእኛ ጋላክሲ ጎረቤት የሆነ ትንሽ ጋላክሲ) ውስጥ ስላሉ 25 ተለዋዋጭ ከዋክብት ይናገራል፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መግለጫውን ያዘጋጀችው ሚስ ሌቪት መሆኗን ይመሰክራል፤ ከታች ያለው ፊርማ ግን የዳይሬክተሩ የኤድዋርድ ፒከሪንግ ነው። በዚያች አንዲት ወረቀት ላይ ግኝቱም አለ፣ የዘመኑ ሥርዓትም አለ። ማንም ሳይነግራችሁ በዓይናችሁ ታያላችሁ። በ1908 ያወጣችውን 1777 ተለዋዋጭ ከዋክብት የያዘ ጽሑፍም ብትፈልጉ የነገሩን ጅማሬ እዚያ ታገኙታላችሁ፦ በመጨረሻው ክፍል ላይ ደማቆቹ ከዋክብት ዑደታቸው ረጅም መሆኑን አስተውላ አልፋለች። ሐሳቡ አራት ዓመት እንዴት እንደበሰለ ከሁለቱ ጽሑፎች በላይ የሚነግራችሁ መጽሐፍ የለም።

አፈላለጉ ቀላል ነው፤ የጸሐፊውን የአባት ስምና ዓመቱን ማስገባት ይበቃል። ስካኑ በገጽ በገጽ ሥዕል ስለሚከፈት ኢንተርኔት ውድ ለሆነበት ሰው ከሙሉ ፒ.ዲ.ኤፍ. ይልቅ የሚፈልገውን ገጽ ብቻ ማየት ይቻላል። ድክመቱ ደግሞ ይህ ነው፦ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን በፊት ያለው ነገር እዚያ እምብዛም የለም፣ የሚያስረዳችሁም ሰው የለም። ጽሑፉን ታገኛላችሁ፤ ትርጉሙን ግን ራሳችሁ መሥራት አለባችሁ።

ለትርጉሙ የታሪክ መጽሔቶች አሉ። በ1970 የተጀመረው የሥነ ፈለክ ታሪክ ጆርናል ዋነኛው ነው፤ አዳዲሶቹ ቅጾች በክፍያ ናቸው፣ የቆዩት ግን በኤ.ዲ.ኤስ. ስካን ይነበባሉ። የአስትሮኖሚ ታሪክና ቅርስ ጆርናል የሚባለው፣ በ1998 የተጀመረው፣ ያለ ክፍያ ይገኛል፤ በእስያና በሌሎች ከአውሮፓ ውጭ ባሉ አገሮች ታሪክ ላይም ብዙ ጽሑፍ አለው። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ተማሪዎች ከመክፈላችሁ በፊት ቤተ መጻሕፍታችሁን ስለ ሪሰርችፎርላይፍ ጠይቁ፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆኑ አገሮች ያሉ ተቋማት በርካታ የአሳታሚዎችን መጽሔቶች በነጻ የሚያነቡበት አሠራር ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ የከተማችሁ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ምን ምን የመረጃ ቋት እንደሚከፍት ተመልከቱ።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አንድ ቃል ልበል። ቻትቦት ስለ ሥነ ፈለክ ታሪክ ጥሩ ማብራሪያ ሊሰጥ ይችላል፤ ነገር ግን የሌለ ጽሑፍ ከነቅጹና ከነገጹ ፈጥሮ የሚጠቅስበት ጊዜ አለ። የጠቀሰላችሁን ርእስ ኤ.ዲ.ኤስ. ላይ አስገቡት። ጽሑፉን ከፍታችሁ ዓይታችሁ ካላነበባችሁት አትጥቀሱት።

ጥንታውያን መጻሕፍት

ከመጽሔቶች ዘመን በፊት ላለው መጻሕፍቱን ራሳቸውን መክፈት ነው። ኢንተርኔት አርካይቭ፣ ጉግል ቡክስ፣ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ጋሊካ፣ የስዊዘርላንዱ ኢ-ራራ ዋናዎቹ ናቸው። ልዩነታቸው በሥዕሎቹ ላይ ይታያል። የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ነፍሱ በሥዕሉና በሰንጠረዡ ነው፤ በብዙዎቹ መጻሕፍት ውስጥ ደግሞ ሥዕሉ ታጥፎ የገባ ትልቅ ወረቀት ነው። በጅምላ በተሠሩት የጉግል ስካኖች ውስጥ ያ ወረቀት እንደታጠፈ የቀረበት ብዙ ነው። ኢ-ራራና ጋሊካ ገጹን በቀለም፣ በጥንቃቄና በከፍተኛ ጥራት ነው የሚያነሡት። ስለዚህ አንድ ቃል ለመፈለግ ጉግል ቡክስ ወይም ኢንተርኔት አርካይቭ፣ ሥዕልና ሰንጠረዥ ለማየት ኢ-ራራ ወይም ጋሊካ። የካምብሪጅ ዲጂታል ላይብረሪ የኒውተንን የእጅ ጽሑፎች ይዟል፤ እንደ ኒውተን የተጨናነቀ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ደግሞ ኒውተን ፕሮጀክት የሚባለው ብዙዎቹን በታይፕ ገልብጧቸዋል።

ቋንቋው ላቲን መሆኑ ብዙዎችን ያስፈራል። የማሽን ትርጉም ለሐሳቡ ይረዳል፤ ለቁጥርና ለቴክኒክ ቃል ግን አይታመንም። ሥዕሉና ሰንጠረዡ ግን ቋንቋ አይጠይቁም፤ እኔ ሁልጊዜ ከእነሱ ነው የምጀምረው።

የእኛ ብራናዎች

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በአማርኛ የሚያነብ ሰው ሌላው ዓለም የሌለው ዕድል ያለው እዚህ ነው።

መጽሐፈ ሄኖክን ሁላችንም በስሙ እናውቀዋለን። ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ክፍል ሙሉ በሙሉ የሰማይ ጉዳይ ነው፦ ፀሐይ የምትወጣባቸው ስድስት መስኮቶች፣ የምትገባባቸው ስድስት መስኮቶች፣ 364 ቀን ያለው ዓመት፣ የጨረቃ ብርሃን አጨማመርና አቀናነስ። መጽሐፉ ሙሉውን የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ቅጂዎቹን በ1770ዎቹ ወደ አውሮፓ እስከወሰደበት ጊዜ ድረስ የአውሮፓ ሊቃውንት የሚያውቁት በጥቅስ ብቻ ነበር። በኋላ በቁምራን ዋሻዎች የዚሁ የሰማይ ክፍል የአራማይክ ቁርጥራጮች ተገኙ። ዛሬ ሁለቱንም ጎን ለጎን ማየት ይቻላል፤ ቁርጥራጮቹ በእስራኤል የጥንታዊ ቅርሶች ባለሥልጣን የሙት ባሕር ጥቅልሎች ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በከፍተኛ ጥራት ተነሥተው በነጻ ተቀምጠዋል።

የግዕዙን ብራና የት እንይ? ሦስት አማራጮችን ላወዳድር።

የመጀመሪያው በአሜሪካ ሚኔሶታ ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በኢትዮጵያ ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት የተነሡት በሺዎች የሚቆጠሩ የብራና ማይክሮፊልሞች ቅጂ እዚያ ነው ያለው፤ በኢንተርኔት የንባብ ክፍሉም ብዙዎቹን ከፍቷቸዋል። በነጻ መመዝገብ ብቻ ይጠይቃል። በብዛቱ የሚወዳደረው የለም። ነገር ግን ከማይክሮፊልም የተገለበጠ ስለሆነ ጥቁርና ነጭ ነው፤ በቀይ ቀለም የተጻፈው ከጥቁሩ አይለይም። ይህ ለባሕረ ሐሳብ ሰንጠረዥ ትልቅ ጉዳት ነው፤ ቀይ ቀለሙ ብዙ ጊዜ ርእሱን ከቁጥሩ የሚለይ ነውና። ሲፈልጉ «ባሕረ ሐሳብ» ከማለት ሌላ ምሁራኑ ለዘመን አቆጣጠር ስሌት የሚጠቀሙበትን «ኮምፒዩተስ» የሚለውን የላቲን ቃል ሞክሩ።

ሁለተኛው ጋሊካ ነው፤ በተለይ የአንቷን ዳባዲ ስብስብ። ይህን ሰው ማወቅ ለሥነ ፈለክ ታሪክ ወዳድ ሁሉ ይገባዋል። ከ1830ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል በኢትዮጵያ እየተዘዋወረ ተራሮችንና ከተሞችን በማእዘን መለኪያና በከዋክብት ምልከታ እየለካ ካርታ ያዘጋጀ፣ ከዚያም ጎን ለጎን ብራና የሰበሰበ ሰው ነው። ወደ አገሩ ሲመለስም በሐንዳይ ከተማ አጠገብ ኦብዘርቫቶሪ ያለው ግንብ አሠራ፤ በግንቡ ግድግዳዎች ላይ የአማርኛ ጽሑፍ አለ። ብራናዎቹ፣ ሄኖክን የያዙት ጭምር፣ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ናቸው፤ ብዙዎቹም በጋሊካ ተከፍተዋል። የማውጫው ቋንቋ ፈረንሳይኛ መሆኑ ያስቸግር ይሆናል እንጂ አጠቃቀሙ ከባድ አይደለም።

ሦስተኛው በሀምበርግ ዩኒቨርሲቲ ከ2016 ጀምሮ የሚሠራው «ቤተ መጻሕፍት» ነው። ይህ በዋናነት የብራና ሥዕል ማከማቻ ሳይሆን ማውጫ ነው፤ አንድ የግዕዝ ድርሰት በየትኞቹ ብራናዎች እንደሚገኝ፣ ብራናዎቹ በየትኛው አገር እንዳሉ፣ ምን እንደተጻፈባቸው ይነግራል። እኔ የምጀምረው ከዚህ ነው። አቡሻኽርን ልፈልግ ብል፣ ማለትም ከግብፅ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰውን ትልቅ የዘመን አቆጣጠር መጽሐፍ፣ መጀመሪያ ብራናዎቹን ከዚህ ማውጫ አያለሁ፤ ቀጥዬ ወደ ሂል ወይም ወደ ጋሊካ እሄዳለሁ።

የእንግሊዝ ቤተ መጻሕፍት ከመቅደላ የተወሰዱትን ብራናዎች ይዟል፤ ከእነሱም ብዙዎቹን ዲጂታል አድርጎ ነበር። በጥቅምት 2023 በደረሰበት የሳይበር ጥቃት ምክንያት ግን ዲጂታል ብራናዎቹ ለረጅም ጊዜ ከአገልግሎት ውጭ ሆነው ቆዩ። በዓመቱ ኢንተርኔት አርካይቭም ተመሳሳይ ጥቃት ደርሶበት ለቀናት ተዘግቶ ነበር። የምትወዱትን ገጽ ስታገኙ ፈቃዱ የሚያስችል ከሆነ አውርዱት፤ የብራናውን መለያ ቁጥርና ያያችሁበትን ቀንም ጻፉ።

ብራናውን ማየት ብቻ ግን አይበቃም፤ ማወዳደር አለ። ሄኖክ ምዕራፍ 72 ላይ በዓመቱ ረጅሙ ቀን ከሌሊቱ እጥፍ ይሆናል ይላል፦ ቀኑ 12 ክፍል፣ ሌሊቱ 6 ክፍል። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ይህ ግልጽ ጥያቄ ያስነሣል። በእኛ ሰማይ ሥር ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ስሌቱ መጀመሪያ የተሠራው ለዚህ ምድር አይደለም። ይኸው የ2 ለ 1 ድርሻ በባቢሎን «ሙል አፒን» በሚባለው ጥንታዊ የሰማይ ድርሰት ውስጥ አለ። ክሩን ወደዚያ የሚከተል ሰው ኦራክ በሚባለው የኩኔይፎርም ጽሑፎች ድረ ገጽ የባቢሎን ሊቃውንት ከ7ኛው እስከ 1ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት በየሌሊቱ የጻፏቸውን የሰማይ ማስታወሻዎች ከነትርጉማቸው ያነብባል። ኦቶ ኖይገባወር የሚባሉት ሊቅ ይህን መንገድ ከባቢሎን ጀምረው እስከ ግዕዝ ድረስ ተጉዘዋል። በ1979 በቪየና ያሳተሙት ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና ዘመን አቆጣጠር፣ በ1981 በኮፐንሃገን ያሳተሙት ደግሞ ስለ ሄኖክ የሰማይ ምዕራፎች ነው። አንብቧቸው፤ ግን ባሕረ ሐሳብን ከመምህር የተማረ ሰው አጠገባችሁ ካለ እሱንም ይዛችሁ አንብቡ። መጥቅዕና አበቅቴ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 የሚሆኑበትን ምክንያት በጣቱ ቆጥሮ የሚያሳይ ሰው፣ ሰንጠረዡን ብቻ ካየ ምሁር የማይገኝ ነገር ይሰጣችኋል።

የዐረብኛውን መስመር ለሚከተል፣ በተለይ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ኖሮ ዐረብኛ ለለመደ ወገን፣ የኳታር ዲጂታል ላይብረሪ አለ፤ የዐረብኛ ሳይንስ ብራናዎችን በዐረብኛና በእንግሊዝኛ መግለጫ ያቀርባል። በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ላይ ደግሞ የእስላማዊው ዓለም ሥነ ፈለክ ሊቃውንት የሕይወት ታሪኮች በነጻ ይገኛሉ፤ በባለሙያ የተጻፉ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ከማክቲዩተርም ይሻላሉ። በበጥሊሞስ ላይ ለሚያተኩር ሙኒክ ያለው የባቫሪያ አካዳሚ በዐረብኛና በላቲን ወደ እኛ የደረሱ ሥራዎቹን ሰብስቧል።

ድምፅና መስተዋት

ለ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት ነገር ብቻ ልጥቀስ። የአሜሪካ የፊዚክስ ተቋም ከሳይንቲስቶች ጋር የተደረጉ ከ1 ሺህ በላይ ቃለ መጠይቆችን በጽሑፍ አስቀምጧል፤ የከዋክብት ፊዚክስ ሊቁ ሱብራማንያን ቻንድራሴከር ወጣት ሳለ የደረሰበትን ተቃውሞ ራሱ ሲናገር ታነቡታላችሁ። ሰው ስለ ራሱ ከ40 ዓመት በኋላ የሚናገረው ግን ትዝታ ነው፤ በዘመኑ ከታተመው ጽሑፍ ጋር በኤ.ዲ.ኤስ. አመሳክሩት። ሃርቫርድ ደግሞ ከ1880ዎቹ ጀምሮ በመስተዋት ላይ የተነሡ ከ4 መቶ ሺህ በላይ የሰማይ ፎቶዎችን ዲጂታል አድርጓል። ሌቪት በአጉሊ መነጽር ስትመረምራቸው የነበሩት መስተዋቶች በዚያ ስብስብ ውስጥ ናቸው።

ሰማዩን ራሱን መጠየቅ

የሥነ ፈለክ ታሪክ ከሌላው ታሪክ የሚለይበት አንድ ነገር አለው፤ የተባለውን ነገር በስሌት ወደኋላ ሄዶ ማየት ይቻላል። ለዚህ ሁለት መሣሪያ አለ። ስቴላሪየም የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር በየትኛውም ቦታና ዘመን ሰማዩ ምን ይመስል እንደነበር ያሳያል። ናሳ ደግሞ የ5 ሺህ ዓመት የፀሐይ ግርዶሾችን ሰንጠረዥ ከነካርታው አስቀምጧል። ግርዶሽ ከሆነ ጥያቄው ሰንጠረዡን ምረጡ፤ ጥላው በየትኛው አገር ላይ እንዳለፈ ወዲያው ታያላችሁ። መጀመሪያ በምታውቁት ሞክሩት፦ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ላይ ያለፈውን የቀለበት ግርዶሽ በጁን 21 ቀን 2020 ፈልጉ። ካገኛችሁት በኋላ ወደ ጥንቱ ሂዱ። ፕላኔትና ኮከብ ከሆነ ደግሞ ስቴላሪየም ነው።

ወጥመዱ የዘመን አቆጣጠሩ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አስትሮኖሚ ዜሮ ዓመት አለው፣ የታሪክ መጻሕፍት ግን የላቸውም። ስለዚህ ከግሪኩ ፈላስፋ ከታሌስ ስም ጋር የሚነሣው ከክርስቶስ ልደት በፊት የ585 ግርዶሽ በናሳ ሰንጠረዥ ላይ የሚገኘው ከዜሮ በታች 584 ተብሎ ነው። ከጥቅምት 1582 በፊት ያለው ቀን ደግሞ በቀድሞው የአውሮፓ አቆጣጠር፣ በዩልዮስ፣ ነው የሚሰላው፤ እንግሊዝ እስከ 1752 ድረስ በዚያው ቆይታለች። ኒውተን የተወለደው ዲሴምበር 25 ቀን 1642 ነው የሚሉና ጃንዋሪ 4 ቀን 1643 ነው የሚሉ መጻሕፍት ያሉት ለዚህ ነው፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ብትመልሱት ታኅሣሥ 29 ቀን 1635 ዓ.ም.፣ የገና ዕለት ነው።

ሁሉንም በአንድ ሌሊት መሞከር ለሚፈልግ የማቀርበው ልምምድ አለኝ። ጋሊሊዮ በማርች 1610 በቬኒስ ያሳተመውን ትንሽ መጽሐፍ ከኢንተርኔት ስካን ክፈቱ፤ የጁፒተር ሥዕሎች ያሉበትን ክፍል ፈልጉ። ጃንዋሪ 7 ላይ ሦስት ከዋክብት ይሥላል፦ ሁለት በምሥራቅ፣ አንድ በምዕራብ። አራት የሚያደርጋቸው ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ጃንዋሪ 13 ላይ ነው። አሁን ስቴላሪየምን ከፍታችሁ ቦታውን ፓዱዋ (ጋሊሊዮ የተመለከተበት ከተማ)፣ ቀኑን ጃንዋሪ 7 ቀን 1610፣ ሰዓቱን ፀሐይ ከገባች ከአንድ ሰዓት በኋላ አድርጉ፤ ጁፒተርን አቅርቡት። አራቱም ጨረቃዎች እዚያ ናቸው። በምዕራብ ጋኒሜድ፣ በምሥራቅ ራቅ ብላ ካሊስቶ፤ በመካከል ኢዮና ኢሮፓ እጅግ ተጠጋግተው አሉ። የእሱ ቴሌስኮፕ ሁለቱን መለየት ስላልቻለ እንደ አንድ ኮከብ ነበር የሣላቸው።